ከመጋረጃው የተረፈው ሸሚዝ

ሥራዬ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው። ቃል እፈታለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ሰሞኑን የያዝኩት «ከለር ኮኦርዲኔትድ» የሚባል የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል ነበር። ከለር ያው ቀለም ነው። ሁለተኛው ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ «አብሮ» እና «ሥርዓት» ተጋጥመው የወለዱት ነው። ብዙም ሳልጨነቅ «አንድ ዓይነት ቀለም ያለው» ብዬ ፈታሁትና ራሴን አደነቅሁ።

በዚያው ሳምንት ልጄ የእጮኛዋ ወላጆች ለምሳ እንደሚመጡ ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ አደራህን፣ እንዳታሳፍረኝ» አለች።

ልጄ ታፍርብኛለች ማለት ነው። እንግዲያውስ ሳሎኑን እኔው አሳምራለሁ ብዬ ተነሣሁ።

«አንተ?» አለች ባለቤቴ። «ካልሲህን እንኳ የምመርጥልህ እኔ አይደለሁ?»

«ቃሉን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ የፈታኸውን አንተው ትቋጥረዋለህ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አንድ ጣቃ አረንጓዴ ጨርቅ ገዛሁ። ልብስ ሰፊው መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስና የትራስ ጨርቅ ሰፋልኝ። «ትንሽ ተርፏል፣ ምን ላድርገው?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ለሸሚዝ ተለካሁ።

እንግዶቹ ሲገቡ ሶፋው ጥግ፣ ከመጋረጃው ሥር፣ አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ሶፋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከእሱ ለመነሣት ጊዜ ይወስድብኛል። የእጮኛዋ እናት ከፀሐይ እንደገቡ ዓይናቸው ጭልም ብሎባቸው ቦርሳቸውን ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ቀጥለው ዞረው ሊቀመጡብኝ ሲሉ፣ «እንደምን ዋሉ?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ባላቸው ላይ ተለጠፉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ሶፋው ግን ቀድሟት ውጦኛል። ልጄን ለማየት ፈራሁ።

ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ወደ እኔ መጣች። ከዚያ ቀዩን የአንገት ልብሷን አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባቴ ይሄ ነው» አለች ለእንግዶቹ። «ደግሞ እንዳይጠፋባችሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት የእጮኛዋ እናት ናቸው። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አሁን ገና ሰው መሰልክ» አለችኝ። ቀዩ በአረንጓዴው ላይ እውነትም ያምር ነበር። ፍቺዬ ስህተት መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ ቃሉ አንድ ዓይነት መሆንን ሳይሆን ተለያይቶ አብሮ ማማርን ነው የሚናገረው።

ምሳ ላይ ወደ ልጄ ጠጋ ብዬ፣ «አሳፈርኩሽ አይደል?» አልኳት።

«በጣም» አለች። እጄን ግን አልለቀቀችም።