ፕሮፌሰሩ ዝም የሚልበት ቦታ

ሐኪሙ ለአዘጋጇ ደውሎ ቁርጡን ነግሯታል። «አባትሽ እንዲህ እየጮኸ ከቀጠለ ድምፁ ጭራሽ ይዘጋል» አላት። አባትየው ግን ቤት ገብቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጉንፋን ነው፤ ማር ላስበት ተብያለሁ።» ማር! እሷም እንዳላወቀች ሆና ማር ገዛችለት።

ሰውየው እንዲህ በቀላሉ የሚያዝ አይደለም። የውጭ ድራማዎችን በራሳችን ቋንቋ በድምፅ በሚተረጉመው ስቱዲዮ ውስጥ የአሜሪካኖቹን የጠፈር መርከብ አዛዦች ሁሉ ሲናገር የኖረው እሱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር «ካፒቴን!» እያለ ነው የሚጠራው። አዘጋጇ ልጁ ናት፤ ከመስታወቱ ወዲህ መቅረጫ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ የምታዘው እሷ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ማይክሮፎኑ ፊት የሚታዘዘው እሱ። ቤት ሲገቡ ማን ማንን እንደሚያዝ አይጠየቅም።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ያለው ክፍት ሰዓት አንድ ብቻ ነው። ለዚያ ሰዓት ሁለት የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማዎች ቀርበዋል፤ አንዱ የአሜሪካ፣ አንዱ የእንግሊዝ። ዛሬ የጣቢያው ኃላፊ መጥታ ከሁለቱም አንዳንድ ትዕይንት ሰምታ ትመርጣለች። የአሜሪካው ከተመረጠ አባቷ ድራማው እስኪያልቅ ሊጮህ ነው፣ ድምፁም አብሮ ሊሄድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የአዘጋጇ ልብ የተሰቀለው ለዚህ ነበር።

«እንግሊዞቹን ተያቸው» አላት አባቷ፣ ጽሑፉን እያገላበጠ። «አንድ ሽማግሌ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ጣሪያ ሲያይ ድራማ ነው? አሜሪካኖቹ እኮ ፕላኔት ያፈነዱልሻል!»

«ፕላኔቱ ይፈነዳል፣ የካፒቴኑ ፀጉር እንኳን አይበተንም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ፕላኔት። ማን ይሞታል ብዬ ልፍራ?»

«ሰው ከሥራ ደክሞት ገብቶ ደግሞ ይፍራ?»

«አዎ ይፍራ! የእንግሊዞቹ ጭራቅ አይታይም፤ ኮሽ ሲል ብቻ ነው የምትሰማው። ከዚያ በላይ ምን ያስፈራል?»

«ለጭራቁ ልብስ ማሰፊያ አጥተው ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበትና ፊቱን አዙሮ ጉንፋኑን ረገመ። አንጀቷን በላው።

ኃላፊዋ ቦርሳዋን እንዳነገተች ገባች። «ፈጠን በሉ፣ ስብሰባ አለብኝ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

መጀመሪያ የእንግሊዙ ቀረበ። የሽማግሌውን ፕሮፌሰር ድምፅ የያዘው፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሉት ተዋናይ ነው። ስቱዲዮው ደግሞ አንድ የቆየ ክፉ ልማድ አለው። በድራማው ውስጥ ያለው ሰው ዝም ካለ ወይም ጀርባውን ከሰጠ፣ ከራሳቸው ቃል ፈጥረው ዝምታውን ይደፍኑታል። ለአሜሪካኖቹ ችግር የለውም፤ ከሙዚቃውና ከፍንዳታው መሀል ማን ያጣራል? አዘጋጇ ሬዲዮን ዛሬ እንዳትደፍን ብላ ለምናው ነበር።

ፕሮፌሰሩ ምድር ቤት ተቀምጧል። በላይ ደረጃው ሲጥ አለ። ፕሮፌሰሩ ዝም ብሎ ወደ ላይ ያያል፣ ረጅም ጊዜ።

«ኧረ ማነው እሱ?» አለ ሬዲዮ። «ድመት ትሆን? ወይ ጣጣዬ! ቆይ እስቲ በሩን ልዝጋው…»

ኃላፊዋ አዛጋች። «በቃ፣ በቃ። ካፒቴኑን አምጡት።»

አባቷ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። ቀዩ መብራት በራ። «ማንም ቦታውን እንዳይለቅ» አለ በዝግታ፣ ኃላፊዋም ቀና አለች። ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ጩኸት ነው። ደረቱን ሲነፋ አዘጋጇ ማሽኑን አቆመችው።

«ምነው?» አለ አባቷ።

«ማይክሮፎኑ ነው፣ ይቅርታ።»

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ደረቱን ነፋ፣ እንደገና አቆመችው። አሁን አባቷ በመስታወቱ አያት።

«ማይክሮፎኑ ጤነኛ ነው» አላት።

«ማይክሮፎኑማ ጤነኛ ነው! አባዬ፣ ሐኪሙ ሁሉንም ነግሮኛል። አትጮህም!»

የተናገረችው በድምፅ ማጉያው ነበርና ሁሉም ሰማ። አባቷ ፊቱ ሲለዋወጥ አየች። «በሰው ፊት?» አላት።

«ቤትማ ብነግርህ ጉንፋን ነው ትለኛለህ!» አለችው።

ኃላፊዋ ብድግ አለች። «የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ እኔ ልሂድ። ካፒቴኑን የሚናገር ሌላ ስቱዲዮ አይጠፋም።»

አዘጋጇ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባቷን አዋረደችው፣ ሥራውንም አጣች፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

«እባክዎ ይቀመጡ» አለ አባቷ። ከዚያ ወንበር ስቦ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አወረደው። «የእንግሊዙን ልቀቂው።»

«አባዬ፣ አንተ እኮ አልተለማመድከውም…»

«ልቀቂው አልኩሽ።»

ለቀቀችው። ደረጃው ሲጥ አለ። አባቷ ምንም አልተናገረም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፣ ሻካራ፣ ጉሮሮው ላይ እየተያዘ የሚወጣ። ያ ሃያ ጊዜ ዓለምን ያዳነ ሰውዬ አሁን የሚተነፍሰው እንደ ፈራ ሽማግሌ ነው። ደረጃው ሁለተኛ ሲጥ ሲል ኃላፊዋ የስቱዲዮውን ጣሪያ ቀና ብላ አየች።

«አንተ ነህ?» አለ በተሰነጠቀ ድምፅ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ግባ። ስጠብቅህ ነበር።»

አባቷ እያስመሰለ አይደለም፣ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ብላ አሰበች አዘጋጇ። እንባዋ መጣ።

ቀዩ መብራት ጠፋ። ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይሄኛውን እወስዳለሁ። ፕሮፌሰሩ ግን እሳቸው ካልሆኑ አልፈልግም» ብላ ወጣች። ሬዲዮም አንዴ እንኳን አፉን ሳይከፍት ተከትሏት ወጣ።

አባትና ልጅ በመስታወቱ ተያዩ።

«ስንት ክፍል ነው?» አላት።

«ስድስት።»

«ስድስት ብቻ? እነዚህ ሰዎች ቆንቋኖች ናቸው! እኔስ እስከ ስንተኛው አለሁ?»

መልሱን ልትውጠው ፈለገች። ግን መዋሸት በቅቷታል። «ሁለተኛው ላይ ትሞታለህ።»

ዝም አለ፣ ረጅም ጊዜ። «ከዚያስ በኋላ?» አላት። «ከሁለተኛው በኋላ ይሄ ድምፅ ለማን ይሆናል?»

«ለእኔ» አለችው። «ማታ ማታ ቤት ገብተህ ለእኔ ታወራልኛለህ።»

አባቷ አንገቱን ደፋ። «እሺ» አለ፣ ማይክሮፎኑ ባይኖር በማይሰማ ድምፅ።