የመጀመሪያው አኃዝ

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ያቺ የፍሪኩዌንሲ መለኪያችን እዚህ ናት።»

ትንሹ መጀመሪያ አልገባውም። ከቀብር የተመለሱት ትናንት ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቀሙ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ በር አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ የሟች ሚስት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ እየዞረች፣ ሊያጽናኗት የመጡትን መልሳ ታጽናናለች። ሟች የትንሹ ታላቅ ወንድም ነው። ትንሹ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ በመሥሪያ ቤቱ «አለቃ» እየተባለ እንኳ እዚህ ቤት ሲገባ ሌላ ስም የለውም፤ ትንሹ ነው።

«የትኛዋ?» አለ።

«ፊቷ የጠፋባት። ቁጥሮቿ አልበራ ብለው ሦስት ቦታ ወስደናት ‹ጣሏት› አሉን። ‹ሆዷ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ፊቷ ነው› ያሉን ወንድምዎ ብቻ ናቸው። ትምህርት ቤታችን ሌላ መሣሪያ የለውም… ማለቴ፣ አልቃ ከሆነ ብዬ ነው እንጂ…» መምህሩ የተናገረው ራሱን አሳፈረው። ሻዩን ፉት አለ። «ነፍስ ይማር» አለ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሟች ምን እንደሚሠራ የሰፈሩ ሰው በቅጡ አያውቅም ነበር። ሬዲዮ ሠሪ ይሉታል፤ የተበላሸ ቴሌቪዥን ተሸክመው የሚመጡም ነበሩ። እሱ ግን የሚነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውስጣቸው ደኅና ሆኖ ቁጥራቸው የጠፋ አሮጌ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች። የሠሯቸው ፋብሪካዎች ከተዘጉ ቆይቷል፤ መለዋወጫቸው የለም። ቁጥር የሚያበራውን ክፍል፣ አኃዙን፣ ከሌላ ሬሳ ማሽን ነቅሎ ይተክላል። ያ ሲታጣ አዲስ ዓይነት አኃዝ ይፈልግና ከድሮው መስኮት ልክ እስኪገባ ጠርዙን ይሞርዳል፤ እግሮቹ ከቦታቸው አልገጥም ሲሉ ጸጉር በሚያህል ሽቦ አንድ በአንድ ያገናኛል። አንዲት መሣሪያ ወር ትፈጅበታለች።

የመጨረሻው ሥራ ግን የሚስቱ ነበር። ያበራና መሣሪያውን ወደ እሷ ያዞራል፤ እሱ ጀርባውን ይሰጣል። እሷ በየቦታው የሚበራውን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ጮክ ብላ ታነባለታለች። ስምንት አኃዝ ያላት መሣሪያ ከሆነች ሰማንያ ንባብ ነው። አንድ ቀን ድስቷን እሳት ላይ ጥላ መጥታ ስለነበር የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ዘለለቻቸው። በማንኛውም ነገር ላይ የሚቀልደው ሰው ፊቱ ልውጥ አለ። «ከዜሮ ጀምሪልኝ፣ እባክሽ» አላት። ጀመረችለት። ድስቱ አረረ።

እንዲህ ዓይነት ንባብ ሲጀመር ትንሹ ምንጊዜም ምክንያት ፈልጎ ከቤቱ ይወጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛው ሳይበዛ፣ ትንሹ የወንድሙን የሥራ ክፍል ከፍቶ ገባ። የትምህርት ቤቱ መሣሪያ ክዳኗ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ከስምንቱ ቦታ ስድስቱ ተተክተዋል፤ ሁለቱ ክፍት ናቸው። አጠገቧ የትኛው እግር ከየትኛው ሽቦ እንደሚገናኝ በዚያ በደቃቁ የወንድሙ ጽሕፈት የተሞላ ወረቀት አለ። እንኳን ሊሳሳት ሊያመነታ የሚችልበት ነገር አልነበረም። ይህችን እንኳ ልጨርስለት፣ አለ በሆዱ።

መበየጃ ከያዘ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አለቃ ከሆነ ወዲህ የሚይዘው እስክሪብቶ ነው። ሰባተኛውን አኃዝ አስገባ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት እግሮች በየደ። በአምስተኛው ላይ የጋለው ጫፍ ከሚገባው በላይ ቆየ። ቀጭኑ የመዳብ መስመር ከቦርዱ ላይ ተላቆ ተነሳ። ለማዳን ሲጎትተው እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ ተላጠ። መሣሪያዋን አበራት። ወንድሙ የተከላቸው ስድስቱም ጨልመዋል።

«ምን ይሸታል?» አለች የወንድሙ ሚስት በሩ ላይ ቆማ።

«ልጨርስለት ብዬ ነበር፣ እትዬ።»

ቀርባ አየች። አልተቆጣችም። ሶኬቱን ነቀለችና ባሏ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«ተወው ትንሹ። መምህሩ ሲመጣ እንዳለች ይውሰዳት።» ክዳኗን መለሰችባት። «ረጅሙ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባችሁ፣ ነገ ይመጣል። ደውሎ መንገዱን ጠየቀ።»

«እሱ ደግሞ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ለለቅሶ ነዋ! ሰው ሲሞት ምን ሊደረግ ነው የሚመጣው?» እጁን ያዘችው። «ስማኝ። ጋሼህ የነገረኝ ነገር አለ። አሁን ሲታመም እንዳይመስልህ፤ ልንጋባ ስንል ነው። ‹ይህን ሳታውቂ አላገባሽም› ብሎ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። በክፉ ዓይን አይቼህ አውቃለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«እንግዲያው ለረጅሙ የምትነግረው ነገር ካለ ነገ ንገረው። እኔ ምንም አልልም። የኔ አይደለም የምናገረው።»

ተነስታ ወደ እንግዶቹ ሄደች። ትንሹ እጁ ላይ የቀረውን የእጇን ሙቀት እያሰበ እዚያው ቀረ።

ነገሩ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ሁለቱም ወንድማማቾች ሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ትልቁ የመለኪያ መሣሪያዎች ጥገና ኃላፊ፣ ትንሹ በሙከራ ላይ ያለ አዲስ ቅጥር። ከመሣሪያዎቹ አንዷ ቁጥሮቿ በመስታወት አምፖል ውስጥ ብርቱካናማ ሆነው የሚበሩ የቮልቴጅ መለኪያ ነበረች። የመጀመሪያዋ አምፖል ደክማለች፤ አንዳንዴ ትበራለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች። «ዛሬውኑ ቀይራት» አለው ወንድሙ። «ሳትቀየር ከዚህ ክፍል እንዳትወጣ።» አሥራ አንድ ሽቦ ፈትቶ መልሶ መበየድ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ። ትንሹ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ከአንዲት ልጅ ጋር ሲኒማ ቤት ቀጠሮ ነበረው። አበራት። አምፖሏ ትንሽ ዘግይታ በራች። ይኸው በራች፣ አለ። ወንድሙ ስለሚያምነው አስቀድሞ ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጣቸው ካርዶች አንዱን አወጣ፤ «ተጠግኗል» ይላል። አንጠለጠለባትና ወደ ሲኒማው ሮጠ።

በማግስቱ የማሰራጫው ቴክኒሺያን፣ ሁሉም ረጅሙ የሚለው ሰው፣ ያችን መለኪያ ይዞ የኃይል ሳጥኑን ከፈተ። ማሽኑ ከጠፋም በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ እስኪወርድ መለካት ነው። መለኪያዋ አሥራ ሁለት ቮልት አለችው። እጁን ከተተ። የነበረው አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። አራቷ አልበራችም።

አጣሪዎቹ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ትልቁን ወንድም ጠየቁት።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ።»

«መሣሪያውን የጠገነውስ?»

«ፊርማው የኔ ነው አልኩ እኮ።»

ትንሹ ደረጃው ላይ ጠብቆት «ጋሼ…» ሲል ወንድሙ ትከሻውን ይዞ አስቆመው። «እናታችን የሁለታችንን አትችለውም። አንዳችን እዚህ መቅረት አለብን። አንተ ቅር። አንድ ቀን፣ ሲሆንልህ፣ ራስህ ለረጅሙ ትነግረዋለህ።» ይህን ብሎ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልቀጠረውም። «አንድ ቀን» ያላትንም ቃል ደግሞ አንስቷት አያውቅም። ትንሹ በአምስተኛው ዓመት የወንድሙን ወንበር ተረከበ።

ረጅሙ በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ መጣ። ጎብጦ ስለነበር ስሙን አልመሰለም። የቀኝ እጅጌው ከክርኑ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በግራ እጁ የትንሹን እጅ ጨበጠና አጠገቡ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናህ። ታውቀኛለህ?»

«አውቅዎታለሁ።»

«ያኔ ልጅ ነበርክ። ያን ቀን እንደ አንተ ያለቀሰልኝ አልነበረም ብለውኛል።»

ከትንሹ ትይዩ ከተደረደሩት መካከል ሁለቱ ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ፣ እሱ የሚያዝዛቸው ሠራተኞች ናቸው። ሚስትየው ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ወንድምህ በየዓመቱ እጄን ያጣሁባትን ቀን ጠብቆ ደጄ ይመጣ ነበር» አለ ረጅሙ። «በየዓመቱ። ያንኳኳል፤ አልከፍትም። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቆይቶ ይሄዳል። ሚስቴ ‹ውሃ እንኳ ልስጠው› ስትለኝ እምቢ አልኳት። አምና ዝናብ ጣለ። በመስኮት አየዋለሁ፤ ቆሞ በሰበሰ። ያን ቀን ከፈትኩለት ልልህ በወደድኩ። አልከፈትኩም። ዘንድሮ ግን እከፍትለታለሁ ብዬ ነበር፤ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ፤ ጠይቃት። ቀኗ ልትደርስ አንድ ወር ቀራት። አልቆየኝም። በእጄ አዝኜ አንድ ሰው ስበድል ኖርኩ። አንተ ሥጋው ነህና በሱ ፈንታ ይቅር በለኝ።»

ትንሹ አፉን ከፈተ። የሚለው ነገር አጭር ነው፤ ካርዱን ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ፣ በቃ። ምላሱ ላይ ደርሷል። የረጅሙን እርጥብ ዓይን አየ፤ ትይዩ የተቀመጡትን ሁለቱን ሠራተኞች አየ፤ ወደ ማድ ቤቱ በር ግን ዞሮ ማየት አልቻለም።

«ይቅር ብለንዎታል» አለ። «ጋሼም ቢሆን ቂም አያውቅም ነበር።»

ረጅሙ ትከሻው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን አበሰ፣ ግንባሩን ሳመው፤ ሲነሳ ቀና ብሎ ስለነበር በሩን ሲያልፍ ጎንበስ ማለት ነበረበት። በሩ አጠገብ ያሉት ሽማግሌዎች «ተባረክ፣ ደግ አደረግህ» አሉት ትንሹን። ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ «አለቃችን እንዲህ ነው» ሲል ተሰማ።

ወሬው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ትንሹ መሬት መሬት እያየ ተቀምጧል። ምናልባት ነገ፣ አለ፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ። ይህን ሲያስብ እንደማይሄድ ያውቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ሲል ኖሯልና፣ ነገውን የሚጠብቅለት ወንድሙ ደግሞ ከእንግዲህ የለም።

የሟች ሚስት ከአንድ እንግዳ ወደ ሌላው እያለች፣ እየቀዳች፣ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ሻይ ልጨምርልዎት?»

ከጎኑ ያለ ሌላ ሽማግሌ መሰለው የጠየቀችው። ዞሮ ቢያይ የረጅሙ ወንበር ባዶ ነው። ቀና አለ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ለመጣው ሁሉ የምታሳየው ያው ትሁት፣ የደከመ ፊት ነው።

«እትዬ…» አለ።

ጠበቀችው። ስኒውን በሁለት እጁ አንስቶ ዘረጋላት። እስከ አፉ ሞላችለትና «ይጠጡ» ብላው ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።