የአቶ ባርዳ ምርቃት

በደቡብ ዋልታ አካባቢ ባሕር ላይ የምርምር መርከቧ በረዶ መሀል ተቀርቅራ ከቆመች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ተመራማሪዋ ዘሪቱ ግን የማለዳ ሥራዋን አላስታጎለችም። ከበረዶው ሥር የምርመራ ውሃዋን ቀዳችና የመርከቧ ምግብ ቤት ገብታ ሐመር፣ ዲመካ ላሉት አባቷ በቪዲዮ ደወለች። አቶ ባርዳ ትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው በርኮታ ላይ ተቀምጠው፣ ከቡና ገለባ የፈላ ሸፈሮ በቅል ይዘዋል።

«አባዬ፣ በረዶ መንገድ ዘግቶብናል፤ መርቁን እንጂ!»

«እሱማ ቀላል ነው!» አሉ። የሐመር ሽማግሌ እንደሚመርቀው አንዴ ተጎነጩና ሸፈሮውን «ፕስስስ!» አድርገው ስልኩ ላይ ረጩት። «ባርጆ፣ አምላካችን! መንገዱ ይከፈት! ብርዱ ይራቅ!»

ምስሉ ድፍርስ አለ። ዘሪቱ በሳቅ ፍርስ ብላ ዞር ስትል፣ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ የነበረው ኖርዌያዊው ወጥ ሠሪ እሱም የተረጨበት ይመስል ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል።