የመሪጌታ ጉሮሮ

የባሌ የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ድምፅ የጠፋው በነቢያት ጾም መካከል ነው። የሌላ ሰው ድምፅ ቢጠፋ ምን ቸገረኝ! የእሱ ሲጠፋ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። አስሙ ጸንቶበት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ከታዘዘለት ወዲህ ትንፋሹስ ተመልሶ ነበር። ግን ድምፁ ሻከረ፤ ምላሱም ነጭ ነገር ለበሰ።

የደብራችን አለቃ «ዘንድሮ የጥምቀቱን ወረብ ሌላ ይምራው» ብለው ላኩብን። የሰፈሬ የዓባይ ማዶ ጎረቤቶችም «ሳንባው አልቆ ይሆናል» እያሉ ከንፈር መጠጡ። እኔ እያለሁ? ደሜ ፈላ። እሱ ደግሞ «ይኼ መድኃኒት ነው የጨረሰኝ፣ ጣይልኝ» ይላል በሹክሹክታ። ጎትቼ ባጃጅ ውስጥ ከተትሁትና ሐኪም ቤት ወሰድሁት።

ደረቱን ራጅ ተነሣ። ዶክተር ሰሚሐ ራጁን ስታይ እኔ የእሷን ፊት አያለሁ።

«ሳንባቸው ንጹሕ ነው» አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ድምፄስ?» አለ መሪጌታ።

አፉን አስከፍታ አየች። «መድኃኒቱን ከሳቡ በኋላ ይጉመጠመጣሉ?»

«በጧት? በጾም አፌ ውኃ ላስገባ? መሳቡን የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል፤ ውኃውን ማን ጠየቀ!»

ሳቋ አመለጣት። «እናቴም በረመዳን እንዲሁ እያለች ታስቸግረኛለች። መሪጌታ፣ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ሲቀር ነው ድምፅ የሚያሻክረው። እንዳያቆሙት። በቀን ሁለቴ ከሚስቡት አንዱን ከቅዳሴ መልስ፣ ሌላውን ማታ ይሳቡና ወዲያው ተጉመጥምጠው ይትፉት።» ምላሱ ላይ ላለው ነጭ ነገርም የአፍ ጠብታ አዘዘችለት።

«አንተ ሰውዬ! መጀመሪያ ያዘዘልህ ሐኪም ይኼን አልነገረህም?» አልሁት።

«ነግሮኛል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ለማይጾሙት መስሎኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ኩባያ ይዤ ከፊቱ እቆም ጀመር፤ ካልተፋ ንቅንቅ የለም። ቀስ በቀስ ምላሱ ጠራ፣ ድምፁም መጣ። ለጥምቀት ጥቂት ሲቀረው አለቃው አስጠርተው ሰሙትና «ምራው» አሉት።

ታቦታቱ ጣና ዳር ሲደርሱ መቋሚያውን ተደግፎ ጀመረ። መጀመሪያ ዝግ አለ። ከዚያ ለቀቀው! ያ የማውቀው ድምፅ ከሕዝቡ ራስ በላይ አልፎ ሐይቁ ላይ ሄደ። ከንፈር መጣጮቹ ሲያጨበጭቡ አየሁና «እንዴት ነው ታዲያ ሳንባው?» አልኋቸው። ከዚያማ እልልታዬን አስነካሁት፤ እንባዬም አብሮ ወረደ።

በማግሥቱ ስነሣ ድምፄ ድራሹ የለም። መሪጌታ ኩባያ ይዞ ከፊቴ ቆመ።

«በይ ተጉመጥመጪ!» አለኝ፣ ቤቱን በሞላ ድምፅ።