በግራዋ የታጠበው ጀሪካን

የወንዳወቅ በርበሬ ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በታች ነው። የዚያን ቀን ወንፈሉ የእሱ ነበር፤ በሳምንቱ ደግሞ የሸጋዬ። ወንፈል መቼም የታወቀ ነው፤ ዛሬ ማሳህ ላይ ላጎነበሰልህ ሰው ነገ አንተ ታጎነብስለታለህ። ሸጋዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለ ወንፈል በርበሬዋን ማንሳት አይሆንላትም። ያ በርበሬ ደግሞ የዓመት ጉርሷም፣ ማዳበሪያዋም፣ ልብሷም እሱው ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የወንዳወቅ ሚስት እንቁ ልጇን አዝላ፣ ጠላ በጀሪካን አንጠልጥላ መጣች። ሰዉ ጆንያውን እየጣለ ከዛፉ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ሸጋዬ ጣሳውን ተቀብላ ወደ አፏ ስታስጠጋ ዓይኗ ጀሪካኑ ላይ አረፈ። የተለጠፈበት ወረቀት በቢላ ተፍቋል። ከጥጉ ግን የራስ ቅል ሥዕል ግማሹ ቀርቷል፤ አንድ ዓይንና ጥርስ። ጣሳውን መሬት አስቀመጠችው።

ያን ዓይነት ጀሪካን ታውቀዋለች። ወንድሟ እጅጉ ደህና በነበረ ጊዜ ለአገሩ ሁሉ የአረም መርዝ የሚረጨው እሱ ነበር። ፓምፑ ጀርባው ላይ ያፈሳል፤ ሸሚዙ እንደራሰ፣ እጁን ሳይታጠብ ምሳውን ይበላል። ቢነግሩት፣ "ይሄ የሚገድለው ሣር ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ!" ይል ነበር። ኋላ አንገቱ ሥር እብጠት ወጣ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰደችው፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ላኩት፤ ካንሰር ነው ተባለ። ሸጋዬ ሐኪሟን ይዛ "ከመርዙ ነው?" ብላ አልለቅ አለቻት።

"እናቴ፣ የእሱ ከምን እንደመጣ ምዬ ልነግርዎ አልችልም" አለች ሐኪሟ። "ግን አንዳንዱ መርዝ ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል። ለቀሩት ይንገሩልኝ፤ የሚረጭ ሰው እጁንም ገላውንም ይሸፍን። የመርዝ ዕቃ ደግሞ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም።"

እጅጉ ፋሲካን አላየም።

"እትዬ ሸጋዬ፣ ይጠጡ እንጂ" አለች እንቁ።

"ይህን ዕቃ ከየት አመጣሽው?"

"ከገበያ። ባዶውን ይሸጡት የለ? ምነው?"

"መርዝ የነበረበት እኮ ነው፣ ልጄ።"

"ውይ፣ ያልታጠበ መሰለዎ? በግራዋ ነው ያሸሁት! በፈላ ውሃ ደጋግሜ፣ በወይራ አጥኜ።"

ሸጋዬም ጋኗን የምታጥበው እንዲሁ ነው፤ እናቷም እንዲሁ ነበር። ግራዋ ያሸው ዕቃ ንጹሕ ነው፤ እዚህ አገር ይህን የሚጠረጥር የለም።

"ግራዋ የጋን ዝቃጭ ያወጣል" አለች ኋላ። "ይሄን ግን አያወጣም። ፕላስቲኩ ጠጥቶታል።"

ጎረቤቷ ገነነ ጣሳውን ከፍ አደረገ። "እትዬ፣ እኔ ይሄ ሁለተኛዬ ነው። ከሞትሁ በርበሬዬን ይውረሱ!"

ሰዉ ሳቀ።

"ዛሬ ምንም አትሆንም፣ ገነነ። እጅጉም እንዳንተ ይስቅ ነበር።"

ሳቁ ቀጥ አለ። የወንዳወቅ ፊት ጠቆረ። "ቤቴ ሰው ይመርዛል ማለትዎ ነው? በሰው ፊት?"

ዝም ብትል በርበሬዋ ይለቀምላታል። ጣሳውን ለጎረቤት ብታሳልፈው ማንም ልብ አይላትም። ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ እንቁ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ፣ እያባበለች፣ ጣቷን ጠላው ውስጥ ነከር አድርጋ ወደ አፉ ወሰደች።

ያኔ የሸጋዬ እግር ቀደማት። ጀሪካኑ ተንከባለለ፤ ጠላው አረፋ እየደፈቀ ፈሰሰ፤ መሬት ጠጣው።

ወንዳወቅ አልጮኸም። ቀስ ብሎ፣ "እንግዲህ የእርስዎን በርበሬ ማን እንደሚለቅምልዎ እናያለን" አለ።

"አይለቀማ!" አለች። የጀመረችውን ረድፍ ግን ጨርሳ ነው የሄደች፤ የሚያናግራት ሳይኖር።

ቀኗ ሲደርስ ገና በጠዋት ማሳዋ ውስጥ ቆመች። ማንም አልመጣም። ብቻዋን ጀመረች። ረፋድ ላይ ቀና ስትል እንቁ መጣች፤ ልጇን በፊቷ ታቅፋ፣ ጀርባዋ ላይ ጠላ በአሮጌ እንስራ አዝላ።

"ያፈሳል" አለች እንቁ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። "የእናቴ ነው። ጎኑን በሰም ደፍኜዋለሁ።"

"ያፍስስ። ወንዳወቅ ያውቃል?"

"ስወጣ አይቶኛል። ፊቱን አዞረ።"

ልጁን ጥላ ሥር አስተኝተው ጎን ለጎን ለቀሙ። ከቀትር በኋላ ገነነ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደረሰ። "ገና አልሞትሁም፤ ውርሱ ይቆይዎ" ብሎ ዳር ካለው ረድፍ ገባ። ሌላ ሰው የለም። በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ያለ ወራቱ የመጣ ዝናብ ነው፣ የበሰለ በርበሬ ላይ ከወረደ ያበሰብሰዋል። የማሳው እኩሌታ ገና ቀይ እንደሆነ ቆሟል። ሸጋዬ አየችውና እጇን አፈጠነች።

ቆይታ እንቁን፣ "ጀሪካኑስ?" አለች።

"ወንዳወቅ ሆዱን ቆርጦ የዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረገው።"

ሸጋዬ ቀና አለች። "ዶሮዎቹንስ ማን ሊበላቸው ነው?"

እንቁ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ አልወጣም። ጆንያዋን ጣለች። "ልጁን ይያዙልኝ" ብላ ወደ ቤቷ ቁልቁል ተጣደፈች።

ሸጋዬ ከእንስራው አጠገብ ካለው የውሃ ቅል ቀድታ በርበሬ የነካ እጇን ደህና አድርጋ ታጠበች። ከዚያ ልጁን አነሣችው። ደመናው ቀረበ፤ በርበሬው ቆሟል፤ እሷም ልጁን እንዳቀፈች እንቁ የወረደችበትን መንገድ ታያለች።