መርዶ በአምፖል

1.

መመሪያ (ከግድግዳው ላይ)

ሁለት ሆናችሁ ግቡ። መዳፋችሁን መዳቡ ላይ አሳርፉ። ከፊታችሁ ያሉት አምፖሎች በየልባችሁ ምት ልክ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። የምትወዱትን ሰው ስም ጥሩ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።

2.

መመሪያ (ከአጎቴ ከጋሼ ድንበሩ፣ በስልክ)

እናትሽን ከቤት አውጫት። የትም ይሁን። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፤ አንዷ መጥታ በር ላይ ብታለቅስ ጉድ ፈላ። ነገ ሲነጋጋ ዘመድ ተሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ።

3.

አንባቢን ማንከራተት አልወድም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ወንድሜ ኅሩይ ትናንት ሎጊያ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አስከሬኑ ገና መንገድ ላይ ነው። እናቴ አልሰማችም።

እኛ ዘንድ እናት የልጇን ሞት እንዲሁ በመንገድ አትሰማም። ጎህ ሲቀድ፣ በዘመድና በሽማግሌ ተከብባ ነው የምትረዳው። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ አብሯት ይበላል፣ ይስቃል፣ ይዋሻል። ደግ ውሸት ነው ይሉታል።

4.

ለምን ኤግዚቢሽን?

ቤተ ክርስቲያን ብወስዳት ለኅሩይ ትጸልያለች። ዘመድ ቤት ብወስዳት ዘመዱ ያለቅሳል። የሥራ ባልደረባዬ የሰጠችኝ የመግቢያ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የቴክኖሎጂ ጥበብ የሚያየውስ ማን የሚያውቀን ሰው አለ? ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር።

5.

በመጀመሪያው ክፍል ጥላሽ ትልቅ ስክሪን ላይ ያርፍና እጅሽን ስታነሺ ወደ ወፍ መንጋ ይለወጣል። እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ እጇን አወናጨፈች። ወፎቹ ተበተኑ። እንደ ልጅ ሳቀች። ኅሩይ ይህን ማየት ነበረበት አለችና ቀርጬ እንድልክለት አዘዘችኝ።

ቀረጽኩ።

ላክሁለት።

6.

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህን ታሪክ በቁጥር የቆራረጥኩት ዘመናዊ ለመምሰል አይደለም። መርዶ ነጋሪ የሚያወራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይላል። ቆይቶ «ጠንቶበታል» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል፣ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል።

7.

ግልባጭ (የልብ ምት ክፍል)

አስጎብኚዋ፦ የሚወዱትን ሰው ስም ይጥሩ፣ እናቴ።

እማዬ፦ ኅሩይ።

የእማዬ አምፖል፦ በራ። ጠፋ። በራ። ጠፋ።

የእኔ አምፖል፦ በራበራበራበራበራ

8.

ፊቴን ጠብቄ ነበር። ፈገግ ብዬ ነበር እንዲያውም፤ ጋሼ ድንበሩ ቢያየኝ ይመርቀኝ ነበር። ልብሽን ጠብቂ ያለኝ ሰው ግን የለም።

አስጎብኚዋ ሳቀች። ይህን ያህል የሚወደድ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀችን። እጄን ላነሳ ስል እማዬ በሌላ እጇ መዳቡ ላይ ተጭና ያዘችው። ፊቴን አላየችም፣ አምፖሌን ነው ያየችው። ደግማ «ኅሩይ» አለች። አምፖሌ ደግሞ አበደ። ያን ጊዜ የእሷም እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደና የእኔን ደረሰበት። ክፍሉ ሲርገበገብ አስጎብኚዋ ሳቋን አቆመች። ፈራሁ።

«ትርሲት» አለች እናቴ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «አሞታል እንዳትዪኝ። አሞታልን እኔም ለስንቱ እናት ብያለሁ።»

9.

እጄን ለቀቀችኝ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ምንም አልነገራትም።

ከአምፖሎቹ ዞር ብላ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«በይ አሁን» አለችኝ፣ «አንቺ ራስሽ በአፍሽ ንገሪኝ።»

10.

እማዬ፣