መብራት ሳይመጣ

ፊልማችን የሚመረቅበት ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነው የነቃሁት። ነቃሁ ማለቴም ውሸት ነው፤ መቼ ተኛሁና። ሲ.ኤም.ሲ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ይዘን፣ ሦስት መቶ ወንበር ደርድረን፣ ከመገናኛ ጀምሮ እስከ ሰፈራችን ያገኘነው ግድግዳ ላይ ሁሉ ፖስተር ለጥፈናል። ፖስተሩ ላይ ስሜ ሁለት ቦታ አለ። ከላይ "ደራሲ፦ ፌበን"፣ ከታች ደግሞ "ጫልቱን ሆና የተወነችው፦ ፌበን" ይላል። ጫልቱ እናቴ ናት። አዎ፣ የገዛ እናቴን ሆኜ የሞትኩት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ የሳንባ ምች ይዟት አንድ ትንሽ ሆስፒታል ተኛች። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ እኔ ደግሞ ሐዋሳ ትምህርት ላይ ነበርኩ። "እናትሽ ጠንቶባታል" ተብሎ ሲደወልልኝ ከቀትር በኋላ ባገኘሁት መኪና ተሳፈርኩ። ስደርስ ሁሉ ነገር አልፏል። የኦክስጅን ማሽኑ ያጉረመርማል፣ እሷም ትተነፍሳለች። "ሞታ ነበር እኮ፣ ተመለሰችልሽ" አሉኝ አልጋዋን የከበቡት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ስትድን በቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት ቆመች። እናቴ ወሬ አታበዛም። ማይኩን ይዛ "ጨለማ ነበር። ምንም አልነበረም። ከዚያ መብራት መጣ" አለች። ሌላም ልትል ነበር፤ ማን አስጨርሷት። ጉባኤው በሃሌሉያ ተናወጠ፣ ኳየሩ ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ ዘመረ፣ እናቴም አፏን እንደከፈተች ማይኩን ተቀበሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ብርሃን ያየችው ጫልቱ" ሆና ቀረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሌላ ሰው አፍ ሲጨመርበትማ አይጣል።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ቅቤና በርበሬ ነጋዴ ናት። ቅቤው የቆየ ከሆነ ገዢው ሳይጠይቃት "ይሄ የቆየ ነው" ትላለች። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሰው ተጣልቶ ምስክር ሲጠፋ "ጫልቱ ካለች አለች" ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ያላት ሀብት ይኸው ነው፤ ቃሏ። እኔ ደግሞ ያንን ቃል ወስጄ ፊልም ልሠራበት ተነሣሁ።

"እማ፣ ብርሃኑ ምን ዓይነት ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት፣ ድርሰቱን ስጀምር።

"መብራት ነዋ" አለች።

"እሺ፣ ግን ምን ይመስላል? ወርቃማ ነው? ነጭ?"

"ፌቢ፣ እሱ ነገር እኮ..."

"ተዪው እማ፣ እኔ እሞላዋለሁ። ፊልም እኮ ነው።"

ሞላሁትም። ከአንዲት ቃል ሃያ ደቂቃ ገነት አወጣሁ። "መብራት" የሚለውን "ብርሃን" አደረግኩት፤ መብራት ለመጽሐፍ ቅዱስ ነገር አይመጥንም ብዬ። የሰርግ ቪዲዮ የሚያነሳው ገመቺስ ዳይሬክተር ሆነ። የኳየራችን ወፍራም ድምፅ ሚልኬሳ ደግሞ መልአክ ሆነ። ገነትን እንጦጦ ፓርክ ሄደን ቀረጽናት፤ ጭጋጉ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ሲወጣ ገመቺስ ካሜራውን አቅፎ አለቀሰ። እኔም ነጭ ለብሼ፣ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ፣ ከዚህ በኋላ ይህች አገር እንደኛ ያለ ፊልም አታይም ብዬ ማልኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ወንበር አልቆ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ጭኗ ላይ አንዱ ሌላውን ይጨምቃል። ደስታዋ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ እንደ ሙሽራ ዘመድ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ።

በሩ ጋ ሰው ስቀበል አክስቴን አየኋቸውና ደነገጥኩ። እትዬ የማርያምወርቅ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልደው እዚያው የሸበቱ፣ ጾም የማይገድፉ ኦርቶዶክስ ናቸው። በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን እንጂ የእኛ ጉባኤ ያለበት ደርሰው አያውቁም። እናቴ ስትታመም ያስታመሟት ግን እሳቸው ነበሩ።

"እትዬ፣ መጡልን" አልኳቸው።

"የጫልቱን ሕመም በፊልም አድርገውታል ሲሉ ሰምቼ ነው" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ለመውጣት እንዲመቻቸው።

ፊልሙ ጀመረ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ተዋጣልን። ሳል ስስል ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ስሞት አንዲት እናት "ወይ ልጄ" ስትል ሰማሁ። በጨለማ ውስጥ የገመቺስን ክንድ በጥፍሬ ያዝኩት። ከዚያ "ብርሃን መጣ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ እስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ ገነት ተከፈተች።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ያልፈራሁት ነው የደረሰብኝ። ሚልኬሳ በነጭ መጋረጃ ተጠቅልሎ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ይመጣል። ከኋላው፣ ስልሳ ጊዜ ባየነው ምስል ላይ አንዴም ያላየነው ሰሌዳ ቆሟል። በዚያ ትልቅ እስክሪን ላይ እያንዳንዱ ፊደል ጎልቶ ይነበባል። "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው።" መልአኩ ደግሞ ሣሩ መሐል ላይ ነው ያለው፣ በስኒከር።

መጀመሪያ አንድ ሰው አፍኖ ሳቀ። ቀጥሎ ከኋላ "ገነትም ዘበኛ አላት እንዴ?" የሚል ድምፅ መጣ፤ አዳራሹ ፈረሰ። ሚልኬሳ "ልጄ ሆይ፣ አትፍሪ" ሲል ሳቅ፣ እኔ ስንበረከክ ሳቅ፣ እንባዬ ሲወርድ ሳቅ። እየቆየ ሳቁም ደከመ፤ ያ ደግሞ ባሰ። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ስልኩን ሲያበራ፣ ቤተሰብ ተያይዞ ሲወጣ አያለሁ። ጆሮዬ ጋ አንዷ ለጓደኛዋ "ይቺ ሴትዮ ይሄን ሁሉ አየሁ ነው የምትለው? የፈጠራ ወሬ ነው እኮ" አለቻት።

ፊልሙማ ይሳቅበት፣ እኔም ይሳቅብኝ። ግን የሳቁት በእናቴ ቃል ላይ ነው።

መብራት ሲበራ ገመቺስ የሞት ሞቱን "አስተያየት ካለ" አለ። ከሁሉ ቀድመው የተነሡት ጋሽ ከበበ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ።

"እኔ ላለቅስ መጥቼ ስስቅ ዋልኩ" አሉ። "ሥራውን ለሠሩት ልጆች እተወዋለሁ። እኔ የምጠይቀው እህቴን ጫልቱን ነው። ምስክርነትሽን ሰምቼ ለስንቱ በሽተኛ ነግሬአለሁ። ይህን አይተሻል ወይስ አላየሽም? ከአንቺ አፍ ልስማ።"

ሮጬ ማይኩን ልቀማ ፈለግኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ነበር። እናቴ ግን ቀድማኝ ተነሣች።

"አላየሁም" አለች።

ማይኩን ተቀበለችና ወደ ሰዉ ዞረች።

"ገነትም አላየሁ፣ መልአክም አላየሁ። እኔ ያልኩት መብራት መጣ ነው። የአምፖል መብራት። ሆስፒታሉ መብራት ጠፍቶበት ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ውጭ ያለው ሰው 'መብራት መጣ' እያለ ይጮኻል፣ አምፖሉ በራ፣ ማሽኑም ተነሣ። ይህን ልነግራችሁ ጀምሬ ነበር፤ ዘመራችሁ። በኋላ ደግሞ አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ፣ ሌላም አለ። ማሽኑ ሲነሣ ነው የተነሣሁት። ታዲያ ያዳነኝ ማሽኑ ነው ወይስ እግዚአብሔር እያልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። በአደባባይ ያመሰገንኩትን በልቤ ስጠራጠር ነው የኖርኩት። ይቅር በሉኝ።"

እናቴ ስታለቅስ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ስትዋረድ ግን አይቼ አላውቅም። ጋሽ ከበበ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ማሽን ነዋ ታዲያ" የሚል ሹክሹክታ ከወንበር ወንበር ሄደ።

"ማሽኑ አይደለም።"

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። እትዬ የማርያምወርቅ ተነሥተዋል። ማይክ ሊሰጣቸው ለመጣው ልጅ እጃቸውን አወናጨፉበት፤ ድምፃቸው ማይክ አያስፈልገውም።

"መብራት ሳይመጣ ነው የተነፈስሽው፣ ጫልቱ። እኔ ነበርኩ እዚያ።"

እናቴ ዓይኗን ጠርጋ አየቻቸው።

"መብራቱ ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ማሽኑ ዝም አለ፣ አንቺም ዝም አልሽ። ነርሷ ብቻዋን ናት፣ ገና ልጅ። እሷ አፍሽ ላይ ፊኛ የሚመስል ነገር ደፍታ ትጨምቃለች፣ እኔን 'እማማ፣ መሐል ደረቷን ይጫኑ፣ እየቆጠሩ፣ እንዳያቋርጡ' አለችኝ። በጨለማ፣ ልቤ እየራደ፣ ምን ብዬ ልቁጠር? እኔ የለመድኩት ቆጠራ እግዚኦታ ነው።"

አንዳንዱ ሰው አልገባውም። እናቴ ግን ገባት፤ እኔም ገባኝ። እትዬ ሲጸልዩ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ይላሉ፣ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ አንድም ሳያጎድሉ።

"እግዚኦ ባልኩ ቁጥር እጫንሻለሁ" አሉ፣ ሁለት እጃቸውን አደራርበው አየሩን ወደ ታች እየተጫኑ። "እግዚኦ፣ እግዚኦ፣ እግዚኦ። አርባ አንዱን ጨረስኩ፤ የለሽም። እንደገና ጀመርኩ፣ ጨረስኩ፤ የለሽም። ነርሷ ማልቀስ ጀመረች። በሦስተኛው ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ ሳልሽ። ትንፋሽሽ እጄ ላይ ሞቀኝ። ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ማሽኑም እንደሞተ ነው። እኔ ለምስጋናው ሌላ አርባ አንድ ጀምሬ አጋምሼዋለሁ፣ መብራት መጣ ሲሉ የሰማሁት። አንቺ ዓይንሽን የገለጥሽው ያኔ ነው። ትንፋሽሽ ግን ቀድሞ መጥቷል።"

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ጋሽ ከበበ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጮክ ብለው አለቀሱ። አንዱ ጥግ ሃሌሉያ አለ፣ ሌላው ጥግ እልልታው ቀለጠ፣ ወጥተው የነበሩት ምን ተፈጠረ ብለው በሩን ጥሰው ተመለሱ። ሚልኬሳ በዚያ ወፍራም ድምፁ "እግዚኦ" ብሎ ጀመረ፤ የጴንጤ ኳየር ተከተለው። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ እንደ እብድ አጨበጭባለሁ። ሃያ ደቂቃ ገነት ጽፌ አንድ ሰው ማስለቀስ ያቃተኝ ሴት፣ እትዬ በባዶ እጃቸው ሦስት መቶ ሰው ሲያስነሡ ቆሜ አየሁ። ቅናትም ነበረብኝ። ደስታው ግን ቅናቱን ዋጠው።

እናቴ ሰውን በሁለት እጇ እየከፈለች ወደ በሩ ሄደች። እኔም ከኋላዋ ደረስኩ። የአክስቴን እጆች ይዛ ገልብጣ ታያቸዋለች።

"እትዬ፣ ሦስት ዓመት" አለች። "ምነው ሳይነግሩኝ?"

"የእናንተ ሰዎች መጥተው አልጋሽን ከበቡት፣ ዘመሩ። እኔ ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ጠየቀኝ?"

ይህን ሲሉ የሚያዩት እናቴን አልነበረም፤ እኔን ነው። ለዚያ ድርሰት ስለ ብርሃኑ አሥራ አራት ሰው ጠይቄአለሁ። ሐኪሙን፣ አገልጋዮቹን፣ የሆስፒታሉን ጥበቃ ሳይቀር። እሳቸውን ግን፣ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ በመልአኩ ይከራከሩኛል ብዬ ዘለልኳቸው።

"አሁን ልጠይቅዎት እትዬ?" አልኩ።

"ጠይቂ።"

"ሁለት ጊዜ ጨርሰው አልመለስ ስትል... ለምን አላቆሙም? እጅዎ አልዛለም?"

"ዝሎ ነበር እንጂ" አሉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ። "ግን አንቺ ከሐዋሳ ተነሥተሽ መንገድ ላይ ነበርሽ። ስትደርሺ ምን ልልሽ ነው?"